«ዞሮቲፑስ» ከ«ዞረ» ጋር ይዛመዳልን?

ጥያቄ፦ ስለ ነፍሳት ሳነብ «ዞሮቲፐስ» የሚል የአንድ የነፍሳት ወገን (genus) ስም አገኘሁ። «ዞሮ» የሚለው ክፍሉ ከአማርኛው «ዞረ» ጋር ዝምድና ይኖረው ይሆን? ሲጻፍስ «ፐስ» ነው ወይስ «ፑስ»?

መልስ፦ የድምፅ መገጣጠም ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣው ጣሊያናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ፊሊፖ ሲልቬስትሪ ሲሆን፣ ሥሮቹ «ዞሮስ» እና «ቲፖስ» የተባሉት የግሪክ ቃላት ናቸው። የጥንት ግሪኮች ወይን ጠጅን በውሃ በርዘው ይጠጡ ስለ ነበር፣ ውሃ ያልነካውን ወይም ጠንከር ያለውን «ዞሮስ» ይሉት ነበር፤ በጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር «ኢሊያድ» ውስጥ ጀግናው አኪሌስ እንግዶች ሲመጡበት ጓደኛውን ፓትሮክሎስን የሚያዘው ወይኑን «ዞሮቴሮን»፣ ማለትም ጠንከር አድርጎ እንዲደባልቀው ነው። ስለዚህ «ዞሮስ»ን ለመተርጎም «ንጹሕ» ከሚለው ፍቺ ይልቅ የእኛው «ያልተበረዘ» ወደ ምንጩ ይቀርባል። «ቲፖስ» ደግሞ «መታ» ከሚል ግስ ወጥቶ በመጀመሪያ ምትን፣ ቀጥሎም ምት የሚተወውን አሻራ፣ በኋላም አርአያንና ዓይነትን ያመለከተ ቃል ነው። በአማርኛ የለመድነው «ታይፕ» የዚሁ ቃል ዘር ነው።

ያልተበረዘው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚገልጠው ሲልቬስትሪ ወገኑን ለያዘው ሰፊ ምድብ፣ ለክፍለ መደቡ (order)፣ የሰጠው ስም «ዞራፕቴራ» ነው። በመካከሉ ያለችው «አ» በግእዙ «ኢ» አምሳል አፍራሽ ስትሆን፣ «ፕቴሮን» ክንፍ ማለት ነው፤ «ሄሊኮፕተር» በሚለው ስም ውስጥም ይኸው ቃል አለ። ሲልቬስትሪ የመረመራቸው ነፍሳት ሁሉ ክንፍ ስላልነበራቸው ፍጹም ክንፍ አልባ ናቸው ብሎ ሰየማቸው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1920 ክንፍ ያላቸው መኖራቸው ተገለጠ። በበሰበሰ ግንድ ቅርፊት ሥር የሚኖሩት፣ ርዝመታቸው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑት እነዚህ ነፍሳት ሁለት መልክ አላቸው፦ አንደኛው ክንፍም ዓይንም የሌለው፣ ሌላው ሁለቱም ያሉት ነው፤ ክንፋሙም ቢሆን እንደ ምስጥ ክንፎቹን ያራግፋል። ስሙ ግን አልተለወጠም።

ስለ አጻጻፉ፣ የግሪኩ «ኦስ» በላቲን «ኡስ» ስለሚሆን እኔ «ዞሮቲፑስ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «ፐስ» የእንግሊዝኛውን አነባበብ የተከተለ ነው። በላቲን ፊደል የወገን ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የእኛ ፊደል ይህ ልዩነት ስለሌለው፣ ስሙን ቢያንስ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ በትእምርተ ጥቅስ መለየት ተገቢ ነው።