አንገቱን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ

ልጆቼ፣ ለቤት እንስሳት ዕቃ ሠርታችሁ ለመሸጥ የተነሳችሁ ብዙ ናችሁ። ደስ ይለኛል። ብዙ ዓመት በእንስሳት ሐኪምነት ሠርቻለሁና አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ሥራ ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ነው። ዕቃውን የሚሸከመው ግን አፍ አውጥቶ "አመመኝ" የማይል ፍጥረት ነው።

አንድ ቡችላ አይረሳኝም። ባለቤቱ "ምግብ አልበላ አለኝ" ብሎ ነው ያመጣው። ከፀጉሩ መሃል የሚያብለጨልጭ ጌጥ ብቻ ይታያል። ገለጥ ሳደርገው የአንገት ማሰሪያው ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ውሻው አደገ፣ ማሰሪያው ግን ያው ነበር። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ለሚያድግ ቡችላ ደግሞ ይህን ቶሎ ቶሎ መለካት ያስፈልጋል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የነገረው ስላልነበረ ነው።

ዕቃው መጀመሪያ ለእንስሳው መሆን እንዳለበት የጥንቶቹ ገብቷቸው ነበር። በግሪክና በሮም ዘመን ተኩላ አንገቱን እንዳይዘው ለከብት ጠባቂ ውሻ ሹል ብረት የተተከለበት ማሰሪያ ያስሩለት ነበር። ጌጥም አዲስ ነገር አይደለም። ግብፅ ውስጥ፣ በነገሥታት ሸለቆ፣ ማይሄርፕሪ ከሚባል ባለሟል መቃብር እ.ኤ.አ. በ1899 ሁለት ያጌጡ የቆዳ ማሰሪያዎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው 3,400 ዓመት ገደማ ነው። በአንዱ ላይ የውሻዋ ስም ተጽፏል፤ እኔን ከጌጡ ይልቅ ይህ ስም ነው ልቤን የሚነካው።

በእኛ ዘመን ትልቅ ገበያ የከፈቱትም ቢሆኑ እንስሳው የሚያደርገውን አይተው ነው። በ1947 አሜሪካ ውስጥ ኤድ ሎው፣ ጎረቤቱ ለድመቷ መጸዳጃ አሸዋ ስትጠይቀው ፈሳሽ የሚመጥ የሸክላ አፈር ሰጣት። ከዚያ በፊት አመድ ትጠቀም ነበርና የድመቷ ዱካ ቤቱን ሞልቶት ነበር። አፈሩን በከረጢት ሞልቶ መሸጥ ጀመረ፣ ድመት ቤት ውስጥ ማሳደግም ቀለለ። ጆ ማርክሃም ደግሞ ፍሪትዝ የሚባለው ውሻው ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ሲጨርስ ቆይቶ፣ ከፎልክስዋገን መኪና የወጣ የጎማ ዕቃ ሲያገኝ አልለቅም እንዳለ አየ። ኮንግ የሚባለው መጫወቻ የተወለደው ከዚያ ነው፣ በ1976።

እንግዲህ ናሙናችሁን ስትጨርሱ ፎቶ ለማንሳት አትቸኩሉ። እንስሳው ላይ አድርጉትና አንድ ቀን ሙሉ አብራችሁት ዋሉ። አንገቱን በእግሩ ደጋግሞ ካከከ ፍቱትና ቆዳው የቱ ጋ እንደቀላ እዩ።