ማዳበሪያ ሙሉ ብጣሽ ጨርቅ ላላችሁ

ሰሞኑን ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥሎ ብርድ ልብስ ስለመስፋት የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ የቻልኩትን ልመልስ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጥጡና ፖሊስተሩ ተቀላቅሎብኛል፣ እንዴት ልለየው?»

ወንድሜ ክብሪት ነው መፍትሄው። ከዳሩ አንድ ክር ምዘዝና በመቆንጠጫ ይዘህ ለኩሰው፣ ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ስትነካው ብን ይላል፣ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲበርድ ጠጣር እንክብል ይሆናል (ከማዳበሪያው ራቅ ብለህ፣ አደራ)። ሁለቱን አንድ ብርድ ልብስ ላይ አትቀላቅላቸው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ጥጡ ሲታጠብ ይሰበሰባል ፖሊስተሩ ደሞ ንቅንቅ አይልም፣ ከዛ ስፌቱ በሙሉ ይጨማደድብሃል። ጥጡንም ቢሆን አጥበህ ተኩሰህ ነው መቁረጥ።

«ከሀበሻ ቀሚስ የተረፈ ሸማ አለኝ ግን ስቆርጠው ይተረተራል።»

ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ነው የኔ እህት። ሳትቆርጪው በፊት ኮሌታ ውስጥ የሚገባውን በካውያ የሚለጠፍ ስስ ገበር ከኋላው ለጥፊበት። ኩዊልት (እንዲህ ያለ ቁርጥራጭ የተቀጣጠለበት ባለ ንብርብር ብርድ ልብስ) የሚሰፉት ፈረንጆች ለስፌት የሚተዉት ሩብ ኢንች ነው፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለሸማ ግን አይበቃም፣ ከየጎኑ 1 ሴንቲ ተዪለት። እንደዛ ስታደርጊ 10 በ10 የቆረጥሽው ካሬ ተሰፍቶ ሲያልቅ 8 በ8 ነው የሚሆነው፣ ይሄን ሳታሰቢ ከጀመርሽ ብርድ ልብሱ አልጋውን አይሸፍንም። ጥለቱን ደሞ እባክሽ አትቆራርጪው፣ በረጅሙ ጠርዝ ይሁንሽ።

«መሀሉ ላይ የሚገባውን ጥጥ የት ላግኝ?»

ያረጀ ጋቢ። ሌላ ነገር አትፈልጉ። ሦስቱን ንብርብር (ከላይ የተቀጣጠለውን፣ መሀል ጋቢውን፣ ከስር ያለውን ጨርቅ) መጀመሪያ በእጅ ወስውሱት፣ ካለዚያ የስፌት መኪናው ስር ይንሸራተታል።

«እናቴ ‹ድሪቶ ልትሰፊ ነው ያስተማርኩሽ?› ትለኛለች።»

ሃሃ፣ እማማ እውነት አላቸው፣ ነገሩ የተጀመረው በችግር ነው። አላባማ ጊስ ቤንድ የሚባል ቦታ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ብርድ ለመከላከል ብለው ያለቀ የስራ ልብስ እየቀጣጠሉ ይሰፉ ነበር፣ አንዳንዱ ላይ የሱሪው ጉልበት የነጣበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። ያው ብርድ ልብስ በፈረንጆቹ 2002 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ በ2006 ደሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አደረገው። ፎቶውን አሳዪያቸው፣ ካልተዋጠላቸው የጋቢያቸውን ጥለት ለምኚና አንድ የትራስ ልብስ ስሪላቸው።

«ከመዳፍ ያነሰውስ?»

ትራስ ውስጥ ጠቅጥቁት።