ገብቶ የማይወጣ ኬሚካል፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ድሮ ለወባ ቤታችን ዲዲቲ ይረጭ ነበር። ይኸው ቆሞ ስንት ዓመቱ! አሁንም ሰውነቴ ውስጥ ይኖራል?

ጥቂት ሊኖር ይችላል። ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣው ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ነው፤ ዲዲቲ ደግሞ የሚሟሟው በስብ ነው። ጉበት ዲዲኢ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል፣ እሱም ተመልሶ ስብ ውስጥ ይቀመጣል። ግማሹ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል። በ2001 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን ከእርሻ አስወጥቶ ለወባና መሰል በሽታ አስተላላፊዎች ብቻ በገደብ የተወው አንድም በዚህ ጠባዩ ነው።

የአራት ወር ልጅ አጠባለሁ። ጅማ ውስጥ ጡት ወተት ላይ ዲዲቲ ተገኘ ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ዱቄት ወተት ላስጀምረው?

እህቴ፣ እባክሽ ጡት እንዳታስጥዪው። የሰማሽው እውነት ነው፦ በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የእናትም የላምም ወተት ተመርምሮ ዲዲቲ ተገኝቷል፤ ጥናቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ነገር ግን ጡት መከልከል ልጁን ለተቅማጥና ለሳንባ ምች ያጋልጠዋል፤ ይህ ጉዳት ቅርብና የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ እያጠባሽ በችኮላ ለመክሳት አትራቢ። ስቡ ሲቀልጥ ውስጡ የተቀመጠው ወደ ደም፣ ከደምም ወደ ወተት ይሄዳል።

ኮሶ ጠጥቼ ብታጠብስ?

አይሆንም። ኮሶ የሚያጥበው አንጀትን ነው፤ ስብና አጥንት ጋ አይደርስም። ሲበዛ ደግሞ ራሱ ይመርዛል።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ባትሪ ሲፈቱ ኖረዋል። ደም ቢመረመሩ በቂ ነው?

ይመርመሩ፣ ግን ውጤቱ በአብዛኛው የሚናገረው የቅርብ ወራቱን ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ የሚባለው ማዕድን ካልሲየም መስሎ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ለአሥርተ ዓመታትም ይቆያል። በእርጅና አጥንት ሲሳሳ ተመልሶ ወደ ደም ይለቀቃል፤ ስለዚህ ሥራውን ቢተዉም ምን ይሠሩ እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩ። አሁንም የሚሠሩ ከሆነ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ቤት አይግቡ፤ አቧራው ከአዋቂ ይልቅ የልጅ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል።

ቡናችንስ?

በዚህ ይረጋጉ። እዚሁ ጅማ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ማጠብ የፀረ ተባይ ቅሪትን ይቀንሳል፣ መቁላት ደግሞ አብዛኛውን ያጠፋል። ከቡና ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጫት ነው፤ ዲዲቲ የተገኘበት የአገራችን ጫት አለ፣ የሚበላውም ጥሬውን ነው።

ሂርማታ ገበያ የገዛሁት ጀሪካን የፀረ አረም እንደነበር በኋላ ሰማሁ። በኦሞና በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ ዘይት ብይዝበትስ?

አይያዙበት፣ ውሃም ቢሆን። መታጠብ የሚያስወግደው ላዩን ነው፤ ፕላስቲኩ ራሱ የመጠጠው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ዘይት ደግሞ ከውሃ በባሰ ይስበዋል። እርግጥ እንደ ቱ ፎር ዲ ያለው ፀረ አረም በአብዛኛው በቀናት ውስጥ በሽንት ይወጣል እንጂ እንደ ዲዲቲ አይጠራቀምም፤ ቢሆንም በየቀኑ ከገባ ሰውነት ዕረፍት የለውም። ቀደም ሲል ምን ኬሚካል እንደነበረበትም ማን ያውቃል? ሽታው ጠፋ ማለት ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ለሌላ ሰው አይስጡት፣ አያቃጥሉትም፤ ጭሱ መርዝ ነው። በሚስማር ታችና ጎኑን በስተው ያስወግዱት፤ ሳይበሱ ከጣሉት ሌላ እናት አንስታ ውሃ ትቀዳበታለች።