ትንሿ ግንደ ቆርቁር እና የቆየ ስህተቴ

ልጆቼ፣

34 ዓመት ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም «ቲቸር» የሚለኝ አላጣሁም። ባጃጅ ውስጥ፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም። ስታገኙኝ ምክር ትጠይቁኛላችሁ። ቆሞ ማውራት እወዳለሁ፤ የድሬ ፀሐይ ግን አያስቆምም። ስለዚህ ልጻፍላችሁ። የምጽፈው ስለ ወፍ ነው፤ ታገሱኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ተማሪዎች ይዤ በሁርሶ መንገድ ከከተማ ወጣ አልኩ። ግራር በግራር የሆነ ቦታ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ከአራት ሰዓት በኋላማ እንኳን ወፍ ፍየልም ጥላ ትፈልጋለች። አንዲት ግንደ ቆርቁር ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ጠክ ጠክ ስታደርግ አየን። ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። እኔም በሙሉ ልብ «ይቺ የትልቁ ግንደ ቆርቁር ልጅ ናት፤ ገና አላደገችም» አልኳቸው። ይህንን ለስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ።

ከኋላ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ልጅ ከሆነች ታዲያ ማንን ነው የምታበላው?»

ቀና ብለን አየን። ወፏ ትል ይዛ ከአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ደጃፍ ላይ ተለጥፋለች። ከውስጥ የጫጩት ጫጫታ ይሰማል። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «አቦ ቲቸር!» አለ አንዱ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ማታ መጽሐፍ ሳገላብጥ አመሸሁ። ለካ ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። ትልቁ ኑቢያን የሚባለው ነው፤ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ደረቱ ነጠብጣብ አለው። ትንሿ ካርዲናል ትባላለች። የእሷ ደረት ነጠብጣብ ሳይሆን ወደ ታች የተሰመረ ነው። ወንዱ ከአናቱ ወደ ኋላ ቀይ ነው፤ የሴቷ ጥቁር ነው። ያን ያህል ዓመት ደረታቸውን አይቼ አላውቅም ማለት ነው። መጠናቸውን ብቻ ነበር የማየው። ካርዲናሏ ሙሉ ሰው ሆና፣ ይቅርታ፣ ሙሉ ወፍ ሆና 30 ግራም ገደማ ናት። ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በብዙ አገር ትገኛለች። እኔ ያላደገች የምላት ወፍ ልጆች አሳድጋ ጨርሳለች።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ትንንሾቹ ማንበብ የጀመርኩት። ከካርዲናሏም በጣም የሚያንሱ አሉ፤ ፒኩሌት ይባላሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩት ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጥቂቶች እስያ ውስጥ አሉ። አፍሪካ ውስጥ አንድ ዝርያ አለ፤ እሱም ከካሜሩን እስከ ኮንጎ ባለው ጥቅጥቅ ደን ነው የሚገኘው። እኛ ጋ የለም፤ ሁርሶ ሄዳችሁ እንዳትፈልጉት። ቁመታቸው የመሀል ጣቴን ያህል ነው፤ 8 ወይም 9 ሴንቲሜትር። የትንሾቹ ክብደት ወደ 10 ግራም ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። የልጅ ልጄ በስልኩ ፎቶዋን ሲያሳየኝ መጀመሪያ አላመንኩም። ከሰው ጣት የማይወፍር ቀንበጥ ላይ ተንጠልጥላ ትቆረቁራለች!

ደስ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ነው። ትልልቆቹ ግንደ ቆርቁሮች ጭራቸው ጠንካራ ነው። ግንዱ ላይ ተደግፈውት እንደ ሦስተኛ እግር ይሠሩበታል። የፒኩሌት ጭራ ግን አጭርና ለስላሳ ነው፤ አይደገፉበትም። ጉድለት ይመስላል። ነገር ግን እነሱ የሚሠሩት ቀጭን ቀንበጥ፣ ሐረግና የደረቀ አገዳ ላይ ነው። እዚያ ላይ መደገፊያ ምን ያደርጋል? ቀንበጡ ራሱ ይወዛወዛል። ገልበጥ ብለው፣ ዞር ብለው፣ ጉንዳኑንና የጥንዚዛውን ትል ከውስጥ እየለቀሙ ይበላሉ። ትልቁ ወፍ እዚያ ላይ ቢያርፍ ቀንበጡ ይሰበርበታል። ጎጇቸውንም የሚቆፍሩት የሞተና የለሰለሰ እንጨት ውስጥ ነው፤ መግቢያው የሰው አውራ ጣት ቢያስገባ ነው። እንቁላላቸው ነጭ ነው። ጨለማ ውስጥ ለተደበቀ እንቁላል ቀለም ምን ይሠራለታል?

ከእነሱ አንዱ የሚኖረው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ካቲንጋ በሚባል ደረቅ አገር ነው። ሥዕሉን ሳየው እሾህ፣ ቁልቋል፣ ዝናብ የሚጠብቅ አፈር። የኛን ዳገት መሰለኝ፤ ከደንገጎ ወደ ታች ሲያዩት ያለውን። ሞቃት አገር ሲባል ሁሌ ለምለም ደን አይደለም።

ሁለተኛውን ስህተቴንም ልናዘዝ። «ግንደ ቆርቁር እንዲያ ስትቀጠቅጥ ራሷን ለምን አያማትም?» ብሎ የማይጠይቅ ክፍል አልነበረም። እኔም «ጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ያለ አጥንት አላት፤ እንደ ሞተር ሳይክል ሄልሜት ነው» እላለሁ። ሁሉም ያለው ይህንኑ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ያሉ ተመራማሪዎች ሦስት ዝርያዎችን በፈጣን ካሜራ ቀርፀው ሲለኩ ምቱን የሚያበርድ ነገር አላገኙም። ጭንቅላቷ እንደ መዶሻ ደረቅ ብሎ ነው የሚመታው። ቢያበርድማ ልፋቷ በከንቱ በሆነ ነበር፤ ስፖንጅ በተጠቀለለበት መዶሻ ምስማር የሚመታ አናፂ አይታችኋል? ታዲያ ምን አዳናት? የአንጎሏ ማነስ። እንደ እኛ ያለ ትልቅ አንጎል በዚያ ምት ይጎዳል፤ የእሷ ግን ትንሽ ስለሆነ ይችለዋል። ጡረታ ወጥቼ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አሁንም ትንሽነቷን ነው ያላየሁት።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ያለ ነገር አይደለም። አንድ ተማሪዬ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ሱቋ ሁለት ሰው አታስቀምጥም። ባየሁት ቁጥር «ቲቸር፣ ለጊዜው ነው» ይለኛል። 11 ዓመት ለጊዜው! የኔን ስልክ ሌሎች «አይሠራም፣ ጣለው» ያሉትን በግማሽ ሰዓት አስነሥቶልኛል። እኔ የማየው በቀጭን ቀንበጥ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ነው። እሱ ግን ራሱን የሚያየው ልክ እኔ ያኔ ወፏን እንዳየኋት ነው፤ ያላደገ ትልቅ ሱቅ አድርጎ። ስለ ከተማችንም እንዲሁ ነው የምታወሩት። «ድሬ ምን አላት፣ አዲስ አበባ ብሄድ፣ ጅቡቲ ብሻገር።» ሂዱ፤ አልከለክልም፤ እኔም ወጣት ሆኜ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ድሬን ያላደገች አዲስ አበባ አድርጋችሁ አትዩ ነው የምለው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. የወለዳት ከተማ ናት። የራሷ ደረት፣ የራሷ መስመር አላት።

አሁን ወደ ሥራ። ለማየት የምትፈልጉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ከሰዓት በኋላውን ለበርጫ ተዉት፤ ያኔ ወፏም አትገኝ፣ እናንተም አትነሱ። ውሃ ያዙ፣ ደብተር ያዙ። መጀመሪያ በጆሮ ፈልጉ፤ የትንሿ ምት ለስለስ ያለ ነው፤ ጸጥ ካላላችሁ ያመልጣችኋል። ከዚያ ደረቷን እዩ፤ መጠኗን በመጨረሻ። ቀዳዳ ካገኛችሁ እጅ አትስደዱ፤ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

ቤታችሁ ዛፍ ካለ ደረቁን ቅርንጫፍ ሁሉ አትልቀሙ። ሰው ላይ የሚወድቀውን ቁረጡ፤ ሌላውን ተዉት። ግንደ ቆርቁር ቆፍራ የለቀቀችውን ቀዳዳ ራሳቸው መቆፈር የማይችሉ ወፎች ይገቡበታል። የኔ ባለቤት ጊቢያችን ያለውን የቁርቁራ ዛፍ አንድ ደረቅ ክንድ ቁረጥ እያለች ሦስት ዓመቷ ነው። ከፋሲካ በኋላ ብያታለሁ። አምና ያልኳትም እንደዚያው ነው።

ጠዋት ጠዋት ከዚራ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሻይ ስጠጣ ታገኙኛላችሁ። እዚህ ከጻፍኩት ውስጥ ስህተት ካገኛችሁ መጥታችሁ ንገሩኝ። ሻዩን እኔ እከፍላለሁ።