የጂም ባለቤቶች ጥያቄና መልስ፦ ምዝገባ፣ ክፍያ፣ እድሳት

መላሽ፦ ጠይቁ። የአባላት ብዛትና አሁን የምትሠሩበትን ዘዴ አብራችሁ ጻፉ።

ከሀዋሳ፦ 180 አባል፣ ኤክሴል። ቀን የምናስገባው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ቀሪው ቀን ሁሉም ከዜሮ በታች ይወጣል፤ አንዳንዱ ረድፍ ጭራሽ አይቆጥርም።

መላሽ፦ ብዙ ሰዓት የሚበላችሁ ይኸው ነው። 15/2/2018 ብላችሁ ጥቅምት 15 ስትሉ፣ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ የተዘጋጀ ኤክሴል የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ 2018 ይይዛል። ስለዚህ አባልነቱ ከዓመታት በፊት ያለቀ ይመስለዋል። ጥቅምት 29 እና 30 ሲሆን ደግሞ ያ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለነበረው ያስገባችሁትን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንም እንዲሁ፤ 13ኛ ወር አያውቅም።

መነሻ ቀኑን በፈረንጅ አስገቡ፤ የኛን አጠገቡ ለንባብ ብቻ ጻፉ። ማብቂያው መነሻው ሲደመር የተከፈለበት የቀን ብዛት፣ ሲደመር ፍሪዝ የተደረገበት (አባልነቱ ለጊዜው የቆመበት) የቀን ብዛት ነው። ወር 30፣ ሦስት ወር 90 ብላችሁ ደረሰኙ ላይ አስፍሩ፤ «ወሩ 31 ነበር» የሚል ክርክር ይቀራል። ቀሪ ቀን ማብቂያው ሲቀነስ ዛሬ ነው፤ ከ0 እስከ 5 ቢጫ፣ ከዜሮ በታች ቀይ ይሁን። ጠዋት ቢጫዎቹን ብቻ አጣርታችሁ አንድ መልእክት ላኩላቸው። ቀመር ያለባቸውን ዓምዶች ቆልፉ፤ አለዚያ ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሰው በላያቸው ይጽፍባቸዋል።

ከአዳማ፦ ምርጡ ሶፍትዌር የቱ ነው?

መላሽ፦ ስንት አባል? ስንት በር? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ከቦሌ፦ የክፍያ ስክሪንሹት ያሳያሉ፣ ማታ ሂሳቡ ይጎድላል።

መላሽ፦ ስክሪንሹት ክፍያ አይደለም። ቴሌብር በነጋዴ ቁጥር ይከፈል እንጂ በሠራተኛ የግል ስልክ አይሁን። ንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ (FT) የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር መዝግቡና ገንዘቡ ሂሳባችሁ ውስጥ መግባቱን እዚያው አረጋግጡ። በዚያ ዓምድ የተደገመ ቁጥር ቀለም እንዲቀየር አድርጉ፤ አንዱን ክፍያ ሁለት ሰው ይዞት ሲመጣ ወዲያው ይታያል።

ከመቀሌ፦ ሁዳዴ ሲገባ ፍሪዝ የሚጠይቀው በዛብን።

ከቦሌ፦ አትፍቀዱ! ኪራዩ አይጾምም።

ከጎንደር፦ 55 ቀን ከፍሎ ያልመጣ ሰው ለፋሲካ ይመለሳል ብለሽ ነው እህቴ? ደግሞ በጾም ቀለል ያለ ስፖርት ይቻላል።

ከቦሌ፦ ባዶ ሆድ ክብደት ማንሳት? ሰው ይወድቃል።

መላሽ፦ የጾሙን ክርክር ተዉት፣ ጥያቄው ስለ አሠራር ነው። ፍሪዝ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ጥቅል ብቻ፣ በጥቅል አንድ ጊዜ ይፈቀድ፤ ሁዳዴን ወይም ረመዳንን መሸፈን ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ይጠየቅ። ወደ ኋላ የሚቆጠር ፍሪዝ በፍጹም አትፍቀዱ፤ እያንዳንዱን የቀረበትን ቀን ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ከባህር ዳር፦ የጣት አሻራ ማሽኑ አንዳንዱን አይቀበልም፤ ሪፖርቱም ሰዓቱ ይዛባል።

መላሽ፦ ላብና የተላጠ ቆዳ ነው። ከእያንዳንዱ እጅ አንድ ጣት፣ ሁለት መዝግቡ። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አስተካክሉ፤ የጠዋት 2 ሰዓት 8፡00 ነው። 2፡00 ብላችሁ ከሞላችሁት የጠዋቱን አባል ሌሊት የገባ አድርጎ ይመዘግበዋል።

ከድሬዳዋ፦ የአሰልጣኞች ግብርስ?

መላሽ፦ የሂሳብ ባለሙያችሁን ጠይቁ።

ከጅማ፦ ኤክሴል ቀን አልቆጥር አለኝ።

መላሽ፦ ለሀዋሳ የመለስኩትን አንብብ፣ ተመልሶበታል።

ከጅማ፦ እሺ። ለነባሮቹ 60 ረድፎችስ?

መላሽ፦ ቀኑን መልሰህ አትገምት። ከደረሰኙ እያየህ በፈረንጅ እንደገና ሙላ። ደረሰኝ የሌለውን አባሉ ሲመጣ የባንክ ወይም የቴሌብር ቁጥሩን ጠይቀውና ከሂሳብህ ጋር አመሳክር። አሁንም ስክሪንሹት አይደለም።