ጅማ ቤት ሲፈልጉ መጀመሪያ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ይዩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጅማ ሰፈሮች የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከኪራይ ዋጋ ይነሣሉ። መልሳችን ግን ደጋግሞ ወደ መሬቱ ይመለሳል፤ ለምን እንደሆነ በመጀመሪያው መልስ በሰፊው ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። በየካቲት ወደ ጅማ ተዛውሬ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እገባለሁ። ደላላ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አግኝቶልኛል። ወደ ጂረን በሚያወጣው መንገድ ላይ ካየሁት በጣም ይረክሳል። በጥር ሄጄ ሳየው ደረቅና ንጹሕ ነው። ልያዘው?

መልስ፦ እህታችን፣ ቤቱን ያዩት በደረቁ ወር ነው። ጅማ ላይ ዝናብ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወርዳል። እውነተኛ በጋ የሚባለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ በጥር የታየ ቤት ስለ ነሐሴ ምንም አይናገርም፤ እርስዎ ምልክቶቹን ካላነበቡ በስተቀር።

የከተማዋ አቀማመጥ ቀላል ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት የጂረን ኮረብታ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ መሃል ከተማው ዝቅ ብሎ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከላይ የዘነበው ሁሉ ወደ አዌቱ ይወርዳል፣ አዌቱም ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ያመራል። አፈሩም እንደ አቀማመጡ ይለያያል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል። ቆላ ቆላው ላይ የሚበዛው ጥቁር ሸክላ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም ይዞት ይነሣል፣ ይዞት ይወርዳል።

ቤቱን እንደገና ሄደው ሲያዩ ከግድግዳው እግር ይጀምሩ። ከውጭ በኩል ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተልጦ ከሆነ ወይም ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ከወጣበት፣ ግድግዳው ውሃ ይስባል ማለት ነው፤ ነጩ ነገር እርጥበቱ ሲተን የሚተወው ጨው ነው። የታችኛው አንድ ሜትር ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኙትም ይጠርጥሩ። የቆርቆሮውን በር የታችኛ ጠርዝ ይዩ፤ ዝገቱ በአንድ መስመር ላይ ቁልጭ ብሎ ካቆመ ውሃ እዚያ ድረስ ቆሞ ነበር። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ፣ በተለይ ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ እንዲሁም አልዘጋ የሚል በር መሠረቱ እንደሚንቀሳቀስ ይነግሩዎታል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው ከኋላው ያሽትቱ፤ ሻጋታ በበጋም ሽታው አይጠፋም።

ከዚያ ወደ ወለሉ ይምጡ። የቤቱ ወለል ከግቢው ቢያንስ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ጎረቤቶች በየበራቸው የሲሚንቶ ደፍ ከሠሩ ወይም በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ከደረደሩ፣ ያንን ያደረጉበት ምክንያት አላቸው። ከደጅ ያለውን ቦይ ተከትለው እስከ መጨረሻው ይሂዱ። ብዙ ቦይ ሰው አጥር ሥር ሲደርስ ያበቃል፣ ወይም መንገድ የሚያሻግረው ቱቦ በፕላስቲክ ጠርሙስና በጫት ገረባ ተደፍኗል። ያ ውሃ የሆነ ቤት ውስጥ ይገባል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሽንት ቤቱን ነው። ዝቅ ባለ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ በክረምት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉድጓዱም ከታች ይሞላል። የውሃ ጉድጓድ ያለውን ጎረቤት «ነሐሴ ላይ ውሃው ስንት ሜትር ላይ ይገኛል?» ብለው ይጠይቁ። «2 ሜትር» ብሎ ከመለሰልዎት፣ 4 ሜትር የተቆፈረው ሽንት ቤት ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። የግቢው የውሃ ጉድጓድ ከማንኛውም ሽንት ቤት፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ 30 ሜትር ካልራቀ ውሃውን ለመጠጥ አይጠቀሙበት።

ይህን ሁሉ ደላላውንም አከራዩንም አይጠይቁ። መንገዱ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላውን ሴት ወይም ሊስትሮውን ይጠይቁ፤ እነሱ ክረምቱን እዚያው ያሳልፉታል፣ ከኪራዩም የሚያገኙት የለም።

የእኛ ምክር፦ ወለሉ ከፍ ያለ ካልሆነ በሁለት ልጆች አይያዙት። ወደ ኮረብታው ጫፍም መውጣት የለብዎትም፤ እዚያ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ግፊት ይደክማል። ተዳፋቱ ወገብ ላይ ያለውን ሰፈር ይፈልጉ። አዳር ተረኛ ስለሚሆኑም ከአስፋልት እስከ ቤት ያለው መንገድ መብራት እንዳለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ በእግር ሄደው ይዩት።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሬያለሁ። ባለቤቴ መርካቶ አካባቢ ባንክ ትሠራለች። ለዩኒቨርሲቲው እንቅረብ ወይስ ለመሃል ከተማ?

መልስ፦ መጀመሪያ የትኛው ግቢ እንደሚመደቡ ያረጋግጡ። ዋናው ግቢ፣ የቴክኖሎጂው ቂጦ ፉርዲሳ እና የግብርናው ግቢ የተለያየ ቦታ ናቸው። «ዩኒቨርሲቲ አጠገብ» ብሎ ቤት የሚያሳይ ደላላ አንዱን ብቻ ይዞ ነው የሚናገረው።

ከዚያ በወረቀት ያስሉት። ሁለት ሰው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወር 22 የሥራ ቀን ቢሄድ 88 ጉዞ ነው። ራቅ ያለው ቤት ለእያንዳንዱ ጉዞ 20 ብር ብቻ ቢያስጨምር በወር 1,760 ብር ይሆናል፤ ኪራዩ ከዚህ በላይ ካልረከሰ ትርፍ የለውም። ስሌቱ ላይ የሚረሳው ጭቃው ነው። ባጃጅ በክረምት ኮብልስቶን ወይም ጠጠር ያልለበሰ መንገድ ውስጥ አይገባም፣ ከገባም በኮንትራት ነው። ስለዚህ ከበር እስከ አስፋልት ያለውን ርቀት በእርምጃ ይለኩ። 300 ሜትር ጭቃ በጃንጥላ ይታለፋል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ግን በየቀኑ ኮንትራት ያስይዛል።

ለመርካቶና ለሂርማታ ስትቀርቡ ደግሞ ገበያው እጃችሁ ላይ ነው፤ ዋጋውም በድምፅ ይከፈላል። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ መንገዱ ይጨናነቃል። የጭነት መኪና ሌሊት ያራግፋል። ከጥቅምት በኋላ ቡናው ሲደርስ የቡና መጋዘንና መፈልፈያ ማሽን አጠገብ ያለ ቤት አቧራውን አይችለውም። ልጅ ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ከእንደዚህ ዓይነት ግቢ ቢያንስ ሁለት መንገድ ራቁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ በእግር የምትደርሱበት ቤት፣ ሁለታችሁም ባጃጅ ከምትይዙበት «መሃል ቦታ» ይሻላል ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ላጤ ነኝ። ቆጪ አካባቢ አራት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል አገኘሁ። ውሃና መብራት «ከኪራዩ ጋር ነው» ተባልኩ። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ «ከኪራዩ ጋር» የሚለው ቃል ከወር በኋላ ጠብ የሚያመጣው እሱ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ትንሽ የሚያበራውም ሰው በውዱ ዋጋ ይቆጠርበታል። ለክፍልዎ የራሱ ትንሽ ቆጣሪ በውስጥ እንዲገባልዎት ይጠይቁ፤ ካልሆነ ምጣድ ያለውና የሌለው እኩል እንዳይከፍል አስቀድመው ይስማሙ።

የእንጀራ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ራሱን የቻለ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ መስመር ያስፈልገዋል። ከተራ ሶኬት ላይ ተጠልፎ ካዩ ሶኬቱን በእጅዎ ጀርባ ቀረብ ብለው ይዳስሱት፤ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ሰፈሩ በሙሉ ራት በሚያበስልበት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሄደው አምፖሉን ይዩ፤ ከደበዘዘ ትራንስፎርመሩ ሸክሙን አልቻለም።

ውሃን በተመለከተ ሁለት ቁጥር ይያዙ፦ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል? አሥር ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም 400 ሊትር ነው፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ቀን ተኩል ያቆያችኋል። ውሃው በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ ወደ 2,800 ሊትር ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ቧንቧውን ከፍቶ ሮቶውን የሚሞላው ማን እንደሆነም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምንመጣው። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ወባ ያሳስበኛል፤ ወባ የሌለበት ሰፈር አለ?

መልስ፦ ጅማ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው የምንለው ሰፈር የለም፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የወባ ትንኝ የምትፈለፈለው ፀሐይ በሚያገኘው ንጹሕ ኩሬ ላይ ነው፦ ለጡብ ጭቃ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የከብት ዱካ፣ ያልተጠረገ ቦይ። በሽንት ቤትና በጥቁር ፍሳሽ ላይ የሚፈላው በአብዛኛው ሌላ ዓይነት ትንኝ ነው። ስለዚህ በቦዬና በቂጦ ረግረጎች ዙሪያ፣ በተለይ ጡብ በሚሠራበት አካባቢ፣ ቤት አይያዙ። በሽታው የሚበረታው ዝናቡ ሲያቆም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው።

ቤቱን ሲያዩ በግድግዳውና በጣሪያው መሃል ያለውን ክፍተት ይዩ፤ ኮርኒስ ከሌለው ትንኝ የምትገባው በዚያ ነው። መስኮቱ ላይ ወንፊት ያስመቱ፣ ልጅቷን ሁልጊዜ አጎበር ውስጥ ያስተኙ። ትኩሳት ከያዛት በ24 ሰዓት ውስጥ ያስመርምሯት፤ መድኃኒት ቤት ሄደው በግምት አይግዙ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ነው የምሠራው። ከተማው ዳር 200 ካሬ ቦታ በርካሽ ቀረበልኝ። ሻጩ «ካርታው በቅርቡ ይወጣል» ይላል፤ ወንድሜ በውክልና ሊገዛልኝ ነው።

መልስ፦ አይግዙ። ካርታ የሌለው መሬት ላይ የሚከፍሉት ገንዘብ የገበሬውን ይዞታ ወይም የጨረቃ ቤት ነው የሚገዛው፤ መንግሥት ሲያፈርሰው ካሳ የሚጠይቁበት ወረቀት አይኖርዎትም። በምስክር ፊት የተጻፈ የመንደር ውልም አያድንዎትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል።

ካርታ ያለው ቦታ ሲያገኙ ወንድምዎ ማዘጋጃ ቤት ሄደው በቅደም ተከተል ይህን ያጣሩ፦ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ በማስተር ፕላኑ ላይ መንገድ፣ አረንጓዴ ቦታ ወይም የወንዝ ዳርቻ አለመሆኑን። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ የግድ ነው፤ ብዙ ሽያጭ የሚፈርሰው በዚህ ነው። ክፍያውን በባንክ፣ አብዛኛውንም ስም ዝውውሩ ሲያልቅ እንዲሆን ያድርጉ።

ጥያቄ፦ አከራዬ የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል፤ ውል ግን አልጻፈም።

መልስ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። አፈጻጸሙ በጅማ የት እንደደረሰ ከመክፈልዎ በፊት ቀበሌዎን ይጠይቁ። አዋጁን ጠቅሶ መጋፈጥ ካልፈለጉ ቢያንስ ወደ ሦስት ወር እንዲያወርድልዎት ይከራከሩ፣ በባንክ ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ። ውሉ ላይ የቆጣሪው ንባብ፣ የቀለሙ ሁኔታ፣ የሮቶው ባለቤትነትና በክረምት ጣሪያ ቢያፈስ ማን እንደሚጠግን ይጻፍ። ቁልፍ በተረከቡበት ቀን ግድግዳውንና ቆጣሪውን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ለአከራይዎ በቴሌግራም ይላኩለት።