ከግድቡ ግርጌ ስላለው እርጥበትና ስለ ዛፎቹ

ወንድሜ፣ ከአትላንታ ወጣ ብለህ የገዛኸው መሬት ላይ ያለው የዓሣ ማጥመጃ ኩሬ የአፈር ግድቡ ግርጌ እንደሚረጥብ፣ ጀርባውም ላይ ዛፍ እንደበቀለ ጽፈሃል። ያሰጋል ወይ፣ ዛፎቹንስ ከነሥራቸው ላስነቅል ወይ ነው ጥያቄህ።

የአፈር ግድብ ጥቂት ውኃ ማሳለፉ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያሰጋው አፈር ይዞ ሲወጣ ነው። በጠርሙስ ቅዳና ጥቂት ሰዓት አስቀምጠው፤ ሥሩ ላይ ደለል ከተኛ ግድቡ ከውስጥ እየተቦረቦረ ነው። ጥርት ካለ ደግሞ ግርጌውን ሳትቆፍር፣ ራቅ ብሎ ውኃው ከሚጠራቀምበት በፕላስቲክ ቱቦ ተቀበለው፤ ባልዲ ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ኩሬው የት ድረስ እንደሞላና ዝናብ መዝነቡን በየሳምንቱ መዝግብ። ኩሬው ከፍ ሳይል፣ ሳይዘንብም ፍሰቱ ከጨመረ መሐንዲስ ጥራ።

ውኃው ቢደፈርስ መውጫውን በሸክላ አፈር እንዳትደፍነው፤ ግፊቱ ውስጥ ታምቆ ሌላ ቦታ ይቀድዳል። መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር ይደፋበታል፤ ውኃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። ይህ ግን ጊዜ መግዣ ነው፤ መሐንዲሱም ወዲያው መምጣት፣ ኩሬውም መቀነስ አለበት። አጣዳፊ ካልሆነ በቀን ከ1 ጫማ በላይ አታውርደው፤ አለዚያ በኩሬው በኩል ያለው ተዳፋት ውኃ እንዳዘለ ይንሸራተታል።

እርጥበቱ ከማፍሰሻ ቱቦው መውጫ አጠገብ ከሆነ ቱቦውን ጠርጥር። የድሮዎቹ የቆርቆሮ ስለሆኑ ዝገው ይበሳሉ፤ ውኃው በቱቦው ዙሪያ አፈሩን እየጠረገ ይወጣል።

ዛፍ ቆራጮቹ «ጠራርገን እናወጣልሃለን» ቢሉህ እሺ አትበል። ከ4 ኢንች የማይወፍሩትን ከመሬት እኩል ቁረጥና ሣር አልብሰው። ትልልቆቹ ሥራቸው ሲበሰብስ የውኃ መንገድ ይሆናል፣ ንፋስ ሲጥላቸውም ግማሽ ግድብ ይዘው ይነሣሉ፤ ስለዚህ መውጣታቸው አይቀርም፤ ግን ኩሬው ወርዶ፣ መሐንዲስ ባለበት። ጉድጓዱ በተመሳሳይ አፈር፣ ከ6 እስከ 8 ኢንች በሆነ ድርብርብ እየተጠቀጠቀ ይሞላል።

ማስተንፈሻው (ኩሬው ሲሞላ ትርፉ ውኃ የሚወጣበት) ላይ ዓሣ እንዳያመልጥ ወይም ኩሬው እንዲሞላ ጣውላ ወይም ወንፊት ተደርጎ ከሆነ ዛሬውኑ አንሣው። በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ውኃው አናቱን ዘልሎ ግድቡን ይወስደዋል።

ሕጉን በተመለከተ፦ እዚያው ጆርጂያ ቶኮዋ ፎልስ ውስጥ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱ ቀርቶ ለመዝናኛ ብቻ ይውል የነበረ የግል የአፈር ግድብ በኖቬምበር 6፣ 1977 ሌሊት ፈርሶ 39 ሰው ገደለ፤ የግዛቲቱ የግድብ ደኅንነት ሕግም በ1978 ወጣ። ቁመቱ 25 ጫማ ወይም የሚይዘው ውኃ 100 ኤከር ፊት (አንዱ ኤከር ፊት በአንድ ኤከር መሬት ላይ 1 ጫማ ከፍታ የሚተኛ ውኃ ነው) የሚደርስ ግድብ ሕጉ ይመለከተዋል። ምድቡን የሚወስነው ግን ከታች ያለው ነው፤ ግድቡ ቢፈርስ ሰው የሚገድል ከሆነ አንደኛ ምድብ ይገባል። ጎረቤት ነገ ከሥሩ ቤት ቢሠራ እንኳ ምድቡ ሊቀየርና የማጠናከሪያው ወጪ አንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለዛፍ ቆራጭ ከመክፈልህ በፊት የወንዙን መስመር ተከትለህ ወደ ታች ውረድና ቤት፣ መንገድ፣ ድልድይ ካለ እይ።